ኢንተርፌሮን፦ የህዋሶች የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን

ኢንተርፌሮን በቫይረስ የተጠቃ ህዋስ ለጎረቤቶቹ የሚልከው ፕሮቲን ነው። ቫይረሱን ራሱ አይገድልም፤ ገና ያልተያዙት ህዋሶች በራቸውን እንዲዘጉ ያደርጋል።

በአንድ ቫይረስ የተያዘ ህዋስ ሌላ ቫይረስ በቀላሉ እንደማይዘው ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ምክንያቱን የገለጡት እ.ኤ.አ. በ1957 ለንደን፣ ሚል ሂል ይሠሩ የነበሩት አሊክ አይዛክስና ስዊዘርላንዳዊው ዣን ሊንደንማን ናቸው። በሙቀት የገደሉትን የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ፣ ጽንስ ካለው የዶሮ እንቁላል ከወሰዱት ስስ ሽፋን ጋር በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ አቆዩት። ከዚያ ሽፋኑን አውጥተው ፈሳሹን ብቻ አዲስ ሽፋን ላይ ጨመሩ። በኋላ ሕያው ቫይረስ ቢጨምሩበትም እንደ ልቡ አልተራባም፤ መከላከያው ከህዋሱ ወጥቶ ፈሳሹ ውስጥ ነበር። ጃፓናውያኑ ናጋኖና ኮጂማ ተመሳሳይ ነገር በ1954 አይተው በፈረንሳይኛ አሳትመዋል፤ ስሙን ያወጡት ግን የለንደኖቹ ስለሆኑ ዝናውም የእነሱ ሆነ።

አልፋና ቤታ የተባሉት ዓይነቶች ከህዋስ ውጭ ካለ ተቀባይ ጋር ሲጣበቁ ጃክ1 እና ቲክ2 የተባሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነዚህ ስታት1 እና ስታት2 የተባሉ ፕሮቲኖችን ያነቃሉ፤ ሁለቱ ተጣምረው ጂኖች ወዳሉበት የህዋሱ እምብርት (ኒውክለስ) ይገቡና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ያስነሳሉ። ከውጤቶቹ አንዱ ፒኬአር የተባለ ፕሮቲን ነው፤ የፕሮቲን ምርትን ያቆማል። ቫይረሱ መራቢያ ያጣል፤ ህዋሱም የራሱ ሥራ ይስተጓጎልበታል። በኢንፍሉዌንዛ ጊዜ ለሚሰማው ትኩሳትና ቁርጥማት ይኸው መልእክት ትልቅ ድርሻ አለው። ለሄፓታይተስ ሲ ኢንተርፌሮንን ሪባቪሪን ከተባለው የቫይረስ መድኃኒት ጋር ለ24 ወይም ለ48 ሳምንታት ይወጉ የነበሩ ታማሚዎች ትኩሳት፣ ድባቴና የነጭ የደም ሴል ማነስ ይገጥማቸው የነበረውም ለዚህ ነው። ዛሬ ብዙውን ጊዜ 12 ሳምንት የሚወሰዱ እንክብሎች ተክተውታል።

ጋማ የተባለው የኢንተርፌሮን ዓይነት ቲ ሴል ከሚባሉ የመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች ይመነጫል፤ የቲቢ ምርመራም ይሠራበታል። ደም የቲቢ ፕሮቲን ባለበት ቱቦ ከ16 እስከ 24 ሰዓት በ37 ዲግሪ ይቆይና የወጣው ጋማ ይለካል። ፕሮቲኖቹ በቢሲጂ ክትባት ውስጥ ስለሌሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በልጅነቱ የተከተበ ሰው፣ ቆዳ ላይ ከሚደረገው የቲቢ ምርመራ በተለየ፣ በክትባቱ ሰበብ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ውጤት አያገኝም። ፕሮቲኑ የቱቦው ግድግዳ ላይ የደረቀ ስለሆነ ቱቦው በደንብ ካልተገላበጠ ውጤቱ ይዛባል። የመከላከል አቅሙ በጣም በደከመ ሰው ደግሞ ሴሎቹ ምላሽ መስጠት መቻላቸውን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያ ቱቦ ራሱ ምላሽ ላይሰጥ ይችላል፤ ያኔ ውጤቱ «ያልተወሰነ» ይባላል እንጂ «ነጻ» አይባልም። ፖዘቲቭ ቢሆንም ተኝቶ ያለውን ቲቢ ከሚያሳምመው አይለይም፤ ለዚያ የደረት ራጅና የአክታ ምርመራ ያስፈልጋል።