ያልተማከለ ድር፦ አነሣሡ፣ አሠራሩና ያልተፈቱ ጥያቄዎቹ

ያልተማከለ ድር የሚባለው የተጠቃሚው መረጃ፣ ማንነትና ግንኙነት በአንድ ኩባንያ ሰርቨሮች (አገልግሎት ሰጪ ኮምፒውተሮች) ላይ ተከማችቶ በዚያ ኩባንያ ፈቃድ ብቻ የሚንቀሳቀስበትን ልማድ ትቶ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ ደንብ ተሳስረው ሸክሙን የሚከፋፈሉበት የኢንተርኔት አሠራር ነው። ስያሜው የቅርብ ጊዜ ቢሆንም ሐሳቡ የኢንተርኔት እኩያ ነው። በመሆኑም ታሪኩን ለሚከታተል ሰው ይበልጥ ማብራሪያ የሚሻው ጥያቄ፣ ያለ ማእከል የተወጠነ መረብ እንዴት በጥቂት ድርጅቶች እጅ ሊገባ ቻለ የሚለው ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ባራን በ1964 በራንድ ኮርፖሬሽን ባወጣቸው ጥናቶች፣ መስመሩ ሁሉ ወደ አንድ ማዞሪያ የሚገባበት የመገናኛ መረብ ማዞሪያው ሲመታ አብሮ እንደሚወድቅ አሳየ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው እያንዳንዱ አንጓ ከበርካታ ጎረቤቶቹ ጋር እንዲያያዝና መልእክቱም በትንንሹ ተቆራርጦ ክፍት በሆነው መንገድ ሁሉ እንዲጓዝ ነበር። ብሪታንያዊው ዶናልድ ዴቪስም በራሱ መንገድ ተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ደርሷል። በዚህ ስልት የተሠራው የኢንተርኔት ቀዳሚ መረብ አርፓኔት ኦክቶበር 29 ቀን 1969 የመጀመሪያ መልእክቱን ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ላከ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ደግሞ ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን ወደነደፉት የቲሲፒ/አይፒ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የጋራ የመገናኛ ደንብ፣ ተሸጋገረ። በዚህ ንድፍ የመረቡ ሥራ ማድረስ ብቻ ሲሆን፣ ማሰብና መወሰን ጫፍ ላይ ላሉት ኮምፒውተሮች ተተወ።

ቲም በርነርስ ሊ በ1989 በሰርን የምርምር ማእከል ሳለ ያቀረበው ድርም ይህንኑ መንፈስ ወረሰ። ሰርን ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ቴክኖሎጂውን ያለ ክፍያ ለሕዝብ ስለለቀቀው፣ ማንም ሰው የራሱን ሰርቨር አቁሞ ገጹን ከሌሎች ገጾች ጋር ለማያያዝ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም። ይሁን እንጂ ንድፉ ሁለት ነገሮችን ባዶ ትቶ አለፈ። የመጀመሪያው ማስታወስ ነው፤ ኤችቲቲፒ የተባለው ገጽ የሚጠየቅበትና የሚላክበት ደንብ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ እንግዳ ስለሚቀበል፣ ተጠቃሚው ማን እንደሆነና ቀድሞ ምን እንዳደረገ አያውቅም። በ1994 ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ያስተዋወቀው ኩኪ (በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መለያ) ይህን ቢያቃልልም፣ ትውስታው በዋናነት የሚኖረው በድረ ገጹ ባለቤት ሰርቨር ላይ ሆነ። ሁለተኛው መፈለጊያ ነው፤ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ገጾች መካከል የሚፈለገውን ማግኘት የሚያስችል ማውጫ በንድፉ ውስጥ አልነበረም።

ከዚህም ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ቴክኒካዊ ምክንያት አለ። የቤት ኢንተርኔት የሚቀርበው በአብዛኛው ለመቀበል ፈጣን፣ ለመላክ ግን ዘገምተኛ ሆኖ ነው፤ አድራሻውም ይለዋወጣል ወይም ከሌሎች ጋር ይጋራል። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ሰርቨር ማቆም አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ተራው ተጠቃሚ ከአስተናጋጅነት ወደ እንግድነት ዝቅ አለ። ባዶውን ቦታ የሞሉት የፍለጋ፣ የማኅበራዊ ትስስርና የደመና ማከማቻ ኩባንያዎች ናቸው። እነርሱም ለብዙዎች ቀላልና ነጻ አገልግሎት ስለሰጡ እድገታቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ዋጋው የታየው ቆይቶ ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 2021 በአንድ ኩባንያ የውስጥ መስመር ላይ የተፈጠረ የማስተካከያ ስሕተት ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን በአንድነት ለስድስት ሰዓት ያህል ከመላው ዓለም ሰወራቸው። ባራን የፈራው ነጠላ ማዞሪያ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

ከማእከል ለመላቀቅ የተደረገው ጥረት የተጀመረው በፋይል ልውውጥ ነው። በ1999 የተነሣው ናፕስተር ሙዚቃውን በተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ ቢተውም ማውጫውን በራሱ ሰርቨር ስላስቀመጠ፣ በፍርድ ቤት ክርክር ሲሸነፍ በ2001 ሥራው ቆመ። በዚያው ዓመት ብራም ኮኸን ያወጣው ቢትቶረንት ፋይሉን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሃሽ የሚባል ከይዘቱ የሚሰላ አሻራ ሰጠው፤ ኋላም ማውጫው ራሱ በተጠቃሚዎች መካከል ተበተነ። በእኔ ግምት ለዛሬው ያልተማከለ ድር ትልቁ ውርስ ይህ አሻራ ነው። የተለመደው የድር አድራሻ የሚናገረው ፋይሉ የት እንደሚገኝ ሲሆን፣ አሻራው የሚናገረው ፋይሉ ምን እንደሆነ ነው። በዚህም የተነሣ ቅጂው ከማን ቢመጣ ተቀባዩ ራሱ ያረጋግጠዋል፤ አይፒኤፍኤስ የተባለው የማከማቻ ሥርዓትም የተገነባው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ይሁን እንጂ አሻራ ማከማቻ አይደለም፤ ፋይሉን የሚይዝ አንድም ኮምፒውተር ከሌለ አድራሻው እያለ ይዘቱ ይጠፋል።

ከባዱ ችግር የጋራ መዝገብ ነበር። ፋይል ሲገለበጥ አይጎዳም፤ ገንዘብ ግን ሁለት ጊዜ መውጣት የለበትም። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ኦክቶበር 31 ቀን 2008 የቀረበው ቢትኮይን የተባለው ዲጂታል ገንዘብ ንድፍ፣ የማይተዋወቁ ኮምፒውተሮች በአንድ መዝገብ ላይ የሚስማሙበትን ዘዴ አመጣ። እያንዳንዱ የመዝገብ ገጽ የቀዳሚውን አሻራ ይይዛል፤ እንዲህ በሰንሰለት የተያያዘው መዝገብ ብሎክቼይን ይባላል፤ አዲስ ገጽ ለመጨመርም ብዙ ስሌት፣ ማለትም ብዙ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። በቪታሊክ ቡተሪን ሐሳብ ተወጥኖ ጁላይ 30 ቀን 2015 ሥራ የጀመረው ኢቴሪየም ደግሞ በመዝገቡ ላይ ስማርት ኮንትራት የሚባሉ ፕሮግራሞች እንዲሠሩ አስቻለ። በብሎክቼይን ላይ ለሚገነባው ድር ዌብ 3 የሚለውን ስያሜ በ2014 ያወጣው ከመሥራቾቹ አንዱ ጋቪን ዉድ ነው። በ2016 ዳኦ በተባለው የጋራ ፈንድ ኮድ ውስጥ በነበረ ጉድለት 3.6 ሚሊዮን ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ያህል ሲወሰድ፣ አብዛኛው ማኅበረሰብ መዝገቡን አሻሽሎ ገንዘቡን አስመለሰ፤ ያልተስማሙት ኢቴሪየም ክላሲክ በሚል ስም በቀድሞው መዝገብ ቀጠሉ። ኢቴሪየም በሴፕቴምበር 2022 ስሌትን፣ አዲስ ገጽ የሚጨምሩት በሚያስይዙት የገንዘብ ዋስትና ተክቶ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ሆኖም ያልተማከለ ድርን ከብሎክቼይን ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የዓለም አቀፍ ድር ጥምረት በጃንዋሪ 2018 ያጸደቀው አክቲቪቲፐብ የተባለ ደንብ፣ እንደ ማስቶዶን ባሉ የማኅበራዊ ትስስር አገልግሎቶች ውስጥ በተለያዩ ሰዎች የሚተዳደሩ ሰርቨሮች እንደ ኢሜይል እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚያደርገው ያለ ምንም ብሎክቼይን ነው። በርነርስ ሊ ራሱ የጀመረው ሶሊድ የተጠቃሚው መረጃ በመረጠው ማከማቻ እንዲቀመጥና መተግበሪያዎች በፈቃዱ ብቻ እንዲያነቡት ያደርጋል።

ጥያቄዎቹ ግን አልተዘጉም። ብዙ የኢቴሪየም መተግበሪያዎች መዝገቡን የሚያነቡት በጥቂት አማላጅ ድርጅቶች በኩል በመሆኑ፣ በኖቬምበር 2020 ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኢንፉራ ሲቋረጥ መዝገቡ እየሠራ ብዙ አገልግሎቶች ተስተጓጉለዋል። በብሎክቼይን ላይ ያለውን ንብረት የሚያዝበት ምስጢራዊ ቁልፍ (ረጅም የምስጢር ቁጥር) የጠፋበት ሰው ደግሞ የይለፍ ቃሉን እንደረሳ ሰው አቤት የሚልበት ቢሮ የለውም። ስለዚህ ቁልፉን አስቀድሞ በመረጣቸው ታማኝ ሰዎች ስምምነት መተካት የሚያስችሉ የኪስ ቦርሳ የሚባሉ የቁልፍ መያዣ ፕሮግራሞች እየተሠሩ ነው።