የነዋሪዎች ተሳትፎ በባሕር ዳር ከተማ ፕላን

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ የምትገኝ የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። ገና ትንሽ ሳለች ሙሉ ፕላን ከተነደፈላቸው ጥቂት የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ዛሬም ይህን ይመሰክራሉ። የነዋሪው ድምፅ ወደ ፕላን ዝግጅት የገባው ግን ዘግይቶ ነው።

አካባቢው ለረጅም ጊዜ በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበ መንደር ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ከያዘው በኋላ የአስተዳደርና የጦር ማዕከል አደረገው።

የ1950ዎቹ ዓመታት የከተማዋን ዕጣ ወሰኑ። በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የአገሪቱን ዋና ከተማ ወደዚህ ለማዛወር አስበው እንደነበር በሰፊው ይነገራል። በዚያው ዐሥርት በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የተመራ ቡድን የከተማዋን ማስተር ፕላን ነደፈ። ፕላኑ አርቆ አሳቢ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከተማዋ ዛሬ በውበቷ የምትመሰገነው በአብዛኛው ከእርሱ በወረሰችው የጎዳና አቀማመጥ ነው። ይሁን እንጂ በጊዜው ፕላን የባለሙያና የመንግሥት ጉዳይ እንጂ ሕዝብ የሚመክርበት አልነበረም። ከሐይቁ ጋር የኖሩት፣ በደንገል ታንኳ ሥራ የሚታወቁት ወይጦዎች ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ከዳርቻው ወደ ኋላ መገፋታቸው የዚህ አሠራር ዋጋ ነው።

በደርግ ዘመን አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ነዋሪውንም በቀበሌ ማኅበራት አደራጀ።

በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 96,140 የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 155,428 ደረሰ። ይህ ዕድገት የቀድሞውን ፕላን ስላጠበበው በ1990ዎቹ ማብቂያ የተቀናጀ የልማት ፕላን ተዘጋጀ። አዲሱ አካሄድ የመሬት አጠቃቀም ካርታን ከመኖሪያ ቤት፣ ከሥራ ዕድልና ከአገልግሎት አቅርቦት ጋር አያይዞ የሚያይ ነበር። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ የኅብረተሰቡንና የባለድርሻ አካላትን ተሳትፎ ከፕላን ዝግጅት መርሆዎች አንዱ አድርጎ ደነገገ።

በተግባር ተሳትፎ የሚታየው በአብዛኛው በክፍለ ከተማና በቀበሌ ስብሰባ፣ እንዲሁም በመዋጮ ነው። የሰፈር ውስጥ መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ነዋሪው ገንዘብ ያዋጣል፣ ኮሚቴ ይመርጣል፣ ሥራውን ይከታተላል። የእድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች በእነዚህ ስብሰባዎች ቃላቸው ይከበራል፤ ተከራዮች፣ ወጣቶችና የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ግን ብዙ ጊዜ አይገኙም። መንገዱን ለመሥራት የተጠራ ሰው መንገዱ የት ይለፍ በሚለው ላይም ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ስብሰባው የሚጠራው ውሳኔው ካለቀ በኋላ ከሆነ ማብራሪያ እንጂ ምክክር አይደለም።

ከተማዋ በ2002 እ.ኤ.አ. ፈጣን ዕድገትን በያዘችበት መንገድ የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመማማሪያ ከተሞች ሽልማትን ተቀብላለች። ሁለቱም የሚገቧት ናቸው።

ለነዋሪው ደኅንነት ከሁሉ የሚልቀው ጥያቄ የሐይቁ ዳርቻ ነው። ምሽት ላይ በነፋሻው ዳርቻ መንሸራሸር ለሀብታሙም ለድኻውም እኩል የቀረበ የከተማዋ ጸጋ ቢሆንም፣ ሆቴሎች፣ መዝናኛዎችና የተቋማት ግቢዎች ብዙውን ክፍል አጥረውታል። አልሚዎች ግንባታው ለቱሪዝምና ለሥራ ዕድል አስፈላጊ መሆኑን ይናገራሉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች በበኩላቸው ደንገሉ መመንጠሩ ሐይቁን ለደለልና ለብክለት እንዳጋለጠው ያስረዳሉ። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ (የተፈጥሮ ጥበቃና የሰው ኑሮ ተጣጥመው የሚሄዱበት አካባቢ) ሆኖ መመዝገቡ የኋለኞቹን ሐሳብ ያጠናክራል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየውን እምቦጭ የተባለ የውኃ አረም ለማስወገድ ገበሬው፣ ተማሪውና የከተማው ነዋሪ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለዋል። ሐይቁን ለማዳን እንዲህ የወጣ ሕዝብ በዳርቻው አጠቃቀም ላይ ቅድሚያ ሊደመጥ ይገባል።

ከተማዋ አሁን በዓባይ ማዶም በፍጥነት እየሰፋች ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ይህን አፋጥኖታል። መስፋፋቱ በዘንዘልማና በመሰል አካባቢዎች የእርሻ መሬት ይነካል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበት ሁኔታ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲመከሩ፣ አቅሙ ያላቸውም ይዞታቸውን ራሳቸው ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ይደነግጋል።