ሰርጂዮ ሊዮኔ፦ የሚወራው እና እውነታው

የካውቦይ ፊልም በተነሳ ቁጥር «የጣሊያናዊውን ዳይሬክተር የሊዮኔን ፊልሞች በኦሪጅናሉ፣ በጣሊያንኛው እዩ፤ እንግሊዝኛው ዳቢንግ ነው» የሚል አዋቂ አይጠፋም። ቃና ላይ እንደሚታየው የቱርክ ድራማ ከሥሩ ዋና ድምፅ ያለው ይመስለዋል። የለውም፤ ሁለቱም ዳቢንግ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጣሊያን ውስጥ ቀረጻ ላይ የሚያዝ ድምፅ ካለም ለመመሪያ ያህል ነበር። ስለዚህ አሜሪካዊው በእንግሊዝኛ፣ ጣሊያናዊው በጣሊያንኛ ይናገራል፤ በአንድ ትዕይንት፣ ፊት ለፊት ቆመው። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ትዕይንቱ በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ ስቱዲዮ ውስጥ ይደጋገማል፤ ተናጋሪው ከንፈር እየተከተለ ቃሉን ይሞላል። በእንግሊዝኛው ቅጂ የምትሰሙት የአሜሪካዊውን መሪ ተዋናይ የክሊንት ኢስትውድን የራሱን ድምፅ ነው። በጣሊያንኛው የሚናገርለት ኤንሪኮ ማሪያ ሳሌርኖ የተባለ ሌላ ተዋናይ ነው። ታዲያ ኦሪጅናሉ የቱ ሊሆን ነው?

ማጣራት ቀላል ነው። «በ»ን፣ «መ»ን እና «ፐ»ን ከንፈሩን ሳይገጥም የሚል ሰው የለም። በእንግሊዝኛው ቅጂ የኢስትውድ ከንፈር በአብዛኛው በቦታው ይገጥማል፤ አጠገቡ ያለው ጣሊያናዊ ግን ድምፁ «ም» ሲል አፉ ክፍት ነው። ይህ የፋይል ብልሽት አይደለም፤ ሌላ ቅጂ ብታወርዱም አይስተካከልም።

«ምስሉ ሻካራ የሆነው ስላረጀ ነው» የሚሉም አሉ። ምክንያቱ ቴክኒስኮፕ የተባለው ቆጣቢ የቀረጻ ዘዴ ነው። የተለመደው 35 ሚሊሜትር ፊልም ለአንድ ፍሬም (ለአንድ ነጠላ ምስል) በጠርዙ ካሉት ቀዳዳዎች የ4 ቀዳዳ ርዝመት ሲወስድ ቴክኒስኮፕ 2 ብቻ ይወስዳል። 11 ደቂቃ የሚሄደው 1,000 ጫማ ጥቅል 22 ደቂቃ ይሆናል፤ የጥሬ ፊልም ወጪ በግማሽ ይወርዳል። ሰፊውን ምስል ለማግኘት አናሞርፊክ ሌንስ (ሰፊውን ምስል ወደ ጎን ጨምቆ የሚቀርጽ) አያስፈልግም፤ በተራው ሌንስ ደግሞ ፊት በጣም ቀርቦም ከኋላው ያለው ጥርት ይላል። ኪሳራው፣ ትንሹ ኔጋቲቭ ለትልቅ ስክሪን ሲጎላ ግሬኑም (የፊልሙ ቅንጣቶችም) አብሮ መጉላቱ ነው።

«ስፓጌቲ ዌስተርንን (የጣሊያኖችን የካውቦይ ፊልም) የፈጠረው እሱ ነው»፦ አይደለም። ጣሊያኖች የሊዮኔ «ዕፍኝ ዶላር» ከወጣበት ከ1964 በፊትም የካውቦይ ፊልም ይሠሩ ነበር።

«ዕፍኝ ዶላር የራሱ ታሪክ ነው»፦ የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ ፊልም «ዮጂምቦ» ነው። የ«ዮጂምቦ» አምራች ቶሆ ኩባንያ ከስሶ ከገቢው 15 በመቶ ለመቀበል ተስማምቷል።

«በረሃው አሜሪካ ነው»፦ በአብዛኛው ስፔን፣ አልሜሪያ ነው። የ«ደጉ፣ ክፉውና አስቀያሚው» መቃብር ቦታም ቡርጎስ አቅራቢያ የስፔን ወታደሮች የሠሩት ነው።

«ፊልሞቹ ብዙ ናቸው»፦ በዳይሬክተርነት ስሙ የሰፈረባቸው 7 ብቻ ናቸው፤ በስድስተኛውና በመጨረሻው መካከል 13 ዓመት አለ።

ያ የመጨረሻው፣ የ1984ቱ «ከዕለታት አንድ ቀን በአሜሪካ»፣ «ውሉ የጠፋ ፊልም» እየተባለ ይታማል። ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየው 229 ደቂቃ ነበር። የአሜሪካ አከፋፋዮች ወደ 139 ቆረጡት፤ ከልጅነት ወደ ሽምግልና እየተመላለሰ የሚሄደውንም ታሪክ በዘመን ቅደም ተከተል ደረደሩት። አብዛኛው ሐሜት የመጣው ከዚያ ቅጂ ነው። ከመክፈታችሁ በፊት ርዝመቱን እዩ፤ 139 ደቂቃ የሚል ከሆነ ዝጉት።