ቫይረስ ነው ከማለታችሁ በፊት፦ ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በተመለከተ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ጎረቤቴ የሆነች የፔዳ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባለፈው ሳምንት ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ ማታ የገዛሁት ዳታ ሌሊቱ ሳይጋመስ አለቀ። ከመመረቂያ ጽሑፌ በቀር ምንም አልከፈትኩም» አለችኝ። ቫይረስ መሆኑን አልተጠራጠረችም። የመጣችው ፎርማት እንዳደርግላት ነው።

ሴቲንግስ ገብተን «ዳታ ዩሴጅ» የሚለውን ከፈትን። የትኛው ፕሮግራም ስንት ዳታ እንደበላ እዚያ በስም ይታያል። ከላይ የተቀመጡት የዊንዶውስ የራሱ ሲስተምና ፋይሎችን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭ ነበሩ። ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት አውርዶ ሪስታርት ይጠብቃል። ዋንድራይቭ ደግሞ ዴስክቶፗ ላይ ያሉትን ፎቶዎች ወደ ኢንተርኔት ሲጭን አምሽቷል። ሁለቱም በስልኳ ሆትስፖት፣ በገዛችው ዳታ።

እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ሰው ስለሚያጋጥመው የምሰማቸውን ስህተቶች ላንሳ።

«ዘግቼዋለሁ እኮ»

የኤክስ ምልክቷን መጫን ብዙ ጊዜ መስኮቱን ነው የሚዘጋው። ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ከታች በቀኝ በኩል፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጫኑና እዩ። የዘጋችሁት ቴሌግራም እዚያ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ክሮምም መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ከጀርባ እንዲሠራ የሚፈቅድ ማብሪያ አለው። ሴቲንግሱ ውስጥ «ሲስተም» የሚለው ስር ታገኙታላችሁ፤ አጥፉት።

ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ስታርት አፕ» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የማትፈልጉትን ዲስኤብል አድርጉ። ፕሮግራሙ ይጠፋል ብላችሁ አትፍሩ። አይጠፋም። ስትፈልጉት ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ፣ በቃ።

«የማላውቀው ስም ሁሉ ቫይረስ ነው»

ይሄኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሰው ደንግጦ የሚያስፈልገውን ያጠፋል። ታስክ ማናጀር ውስጥ «ሰርቪስ ሆስት» የሚል ስም ደርዘን ጊዜ ተደርድሮ ብታዩ ጤነኛ ነው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስ 10፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 3.5 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ በሆነ ማሽን ላይ፣ ቀድሞ አብረው ይሠሩ የነበሩ አገልግሎቶችን ለያይቶ ያስኬዳል። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ ነው። «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» 95 በመቶ ቢልም ፕሮሰሰሩ 95 በመቶ ሥራ ፈት ነው ማለት ነው። «አንቲማልዌር ሰርቪስ» የሚለው ደግሞ የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ነው። ሲፈትሽ ማሽኑን ሊያንቀራፍፈው ይችላል። ታገሡት፣ አታጥፉት።

እውነተኛውን ቫይረስ ብዙ ጊዜ በፍላሽ ነው የምናመጣው። ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት አስደርጋችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችሁ፣ ምንም ሳትከፍቱ መጀመሪያ አስፈትሹ።

«ሪፍሬሽ ሳደርገው ይፈጥናል»

አይፈጥንም። ዴስክቶፑ ላይ ያሉትን ምልክቶች እንደገና ይስላል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

«ራሙ ሞልቷል፣ ክሊነር ልጫንበት»

ዊንዶውስ ባዶ የተቀመጠ ራም ላይ ደጋግማችሁ የምትከፍቱትን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ቦታው ለሌላ ሲፈለግ ወዲያው ይለቃል። ክሊነሩ ያንን ያስወጣና ኮምፒውተሩ ከዲስክ እንደገና እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ሃርድ ዲስኩ አሮጌ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ክሊነሩ ራሱም አንድ ተጨማሪ የጀርባ ሠራተኛ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው አይቼ አዝኛለሁ።

«ማታ ሸት ዳውን አድርጌዋለሁ፣ አዲስ ነው»

«ፋስት ስታርት አፕ» የሚባለው ከበራ፣ ሸት ዳውን የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ የሲስተሙን ውስጠኛ ክፍል ግን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ጠዋት እንዳለ ያነሣዋል። ከሥሩ እንደ አዲስ የሚጀምረው ሪስታርት ስታደርጉት ነው። ማሽኑ ለቀናት ከተንቀራፈፈ ሪስታርት አድርጉ።

«አፕዴቱን ለዘለዓለም እዘጋዋለሁ»

ዳታ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ንዴቱም ይገባኛል። ግን የደህንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በአፕዴት ነው። የሚሻለው ሆትስፖቱን «ሜተርድ»፣ ማለትም ዳታው የሚቆጠር፣ ማድረግ ነው። ዋይፋዩ ላይ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ታበራላችሁ። ዊንዶውስ ያኔ ትልልቁን አፕዴት ራሱ አያወርድም፣ ዋንድራይቭም መጫኑን ያቆማል። ቅንብሩ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለብቻው ስለሆነ የስልካችሁን ብቻ ሜተርድ ታደርጋላችሁ።

ለጎረቤቴም ያደረግነው ይህንን ነው። ስታርት አፕ ላይ አራት ፕሮግራም ዲስኤብል አደረግን፣ የስልኳን ሆትስፖት ሜተርድ አልነው፣ የግቢውን ዋይፋይ ክፍት ተውነው። ፎርማት አላደረግንም። አፕዴቱን ፔዳ ስትገባ ታወርዳለች።