እጣቢ ውሃ ምንድን ነው? ከሳፋው እስከ ሎሚው ሥር

ልብስ ታጥቦ ሳፋው ሲገለበጥ የሚፈሰው፣ ሳህን የተለቃለቀበት፣ ገላ የታጠበበት ውሃ ሁሉ እጣቢ ነው። የውሃና ፍሳሽ ባለሙያዎች «ግራጫ ውሃ» ይሉታል፤ ከሽንት ቤት የሚወጣውን ደግሞ «ጥቁር ውሃ»። ስሙ የቀለም ቢሆንም መለያው ቀለም አይደለም። ሰገራ የነካው ጥቁር ነው፤ ሳሙና፣ ላብ፣ ቅባትና አፈር ብቻ ያለበት ግራጫ ነው። ስለዚህ የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበት ሳፋ የቱንም ያህል ኦሞ ቢጨመርበት ጥቁር ውሃ ነው፤ መድፊያውም ሽንት ቤት ነው።

ጎንደር ውስጥ ይህን መለየት ጥቅሙ ሁለት ነው። ለዓመታት ከተማዋን ሲያጠጣ የኖረው የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው አቅሙ ቀንሷል፤ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ ጀሪካን ሁለት ሥራ ከሠራ ሁለተኛውን ጀሪካን መቅዳት ቀረ ማለት ነው። ሌላው ነገር መድረሻው ነው። ቦይ ላይ የተደፋ እጣቢ ወደ አንገረብ ወንዝ ወይም፣ ጥምቀት ሲደርስ የፋሲልን መዋኛ ወደሚሞላው፣ ወደ ቀሃ ወንዝ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ መገጭ ወንዝ፣ ከመገጭ ወደ ጣና ሐይቅ። ሐይቁን ያስጨነቀው የእምቦጭ አረም የሚደልበው ደግሞ ከከተማና ከእርሻ ታጥቦ በሚገባ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። የአንድ ቤት ሳፋ ሐይቅ አያበላሽም፤ የአንድ ከተማ ሳፋ ግን ቀላል አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እጣቢን ሁሉ አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ምስር፣ ሽንብራ ወይም ጎመን የታጠበበት ውሃ ሳሙና የለውም፤ ለየትኛውም ተክል ሥር ይሆናል፣ በዚያው ሰዓት እስከፈሰሰ ድረስ። የገላ ውሃ ሳሙናው ጥቂት ስለሆነ ቀጥሎ ይመጣል። የሳህኑ ያስቸግራል። የወጥ ቅባት አፈር ላይ ሲደርስ ይረጋና ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ጉንዳንና አይጥ ይጠራል። ሳህኑ ውሃ ሳይነካው በፊት በቁራሽ እንጀራ ወይም በወረቀት ቢጠረግ ግማሹ ችግር ያልቃል። ላርጎ የገባበትን የሳህን እጣቢ ለላም ወይም ለበግ መስጠት ግን የድሮውን ልማድ በአዲስ ሳሙና ማበላሸት ነው፤ እናቶቻችን ሲሰጡ የነበረው ሳሙና ያልነካውን ነበር።

የዶሮ እጣቢን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ዶሮ ለወጥ ሲታጠብ በሎሚና በጨው ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ የበዓል ዋዜማ ጀሪካን የሚያልቀውም እዚያ ላይ ነው። ያ ውሃ ጨው አለው፣ የጥሬ ሥጋ ተሕዋስያንም አለው። ጓሮ አይገባም። ጨው የሌለው የመጨረሻው ዙር እንኳ አይለይም፤ ሁሉም ሽንት ቤት።

ትልቁ ትርፍ የልብስ ነው። አንድ ሳፋ ልብስ በሦስት ውሃ ይታጠባል እንበል፤ እያንዳንዱ 20 ሊትር፣ አንድ ጀሪካን። የመጀመሪያው ኦሞ ያለበት፣ ሁለተኛው አረፋውን የሚያወጣው፣ ሦስተኛው የመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። ሦስተኛው ውሃ ንጹሕ ሊባል ትንሽ ነው የቀረው፤ ሳይደፋ ለሚቀጥለው ሳፋ የመጀመሪያ ውሃ ይሆናል፣ ኦሞውም ትንሽ ይቀነሳል። ከሁለተኛው ሳፋ ጀምሮ ለእያንዳንዱ በሦስት ጀሪካን ፋንታ ሁለት ይበቃል። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግን ግድ ነው፦ ነጭ ይቀድማል፣ ከዚያ ቀለማም፣ ከዚያ የሥራ ልብስ፣ ካልሲ መጨረሻ። አዲስ ቀለም የሚለቅ ልብስ መካከል ላይ ከገባ የቀጠለው ሁሉ ይጎዳል። መሀል ያለው፣ አረፋ የወጣበት ውሃ፣ ለዛፍ ነው። ኦሞው የጠነከረበት የመጀመሪያው ለሲሚንቶ ወለል፣ ለበረንዳ፣ ለሽንት ቤት። ሽንት ቤት ሲደፋ ወደ መቀመጫው በቀጥታ ይደፋ እንጂ የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ አይጨመር፤ እዚያ ቆይቶ ይሸታል፣ ክሩና ቆሻሻው የጎማ መድፈኛው ላይ እየተያዘ ውሃው ቀን ከሌት ይንጠባጠባል።

የዱቄት ሳሙና ለምን ለአፈር አይመችም? ሶዲየም ስላለው ነው። ሶዲየም የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች ይበትናል፤ የተበተነው ሲደርቅ እንደ ምርግ ይደፈናል። እንደ አዘዞ ሜዳ ባለ ዋልካ አፈር ላይ ይህ ቶሎ ይታያል፦ ላዩ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ የፈሰሰው ውሃ አይሰርግም፣ የሎሚው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ያለው ቢጫ ይሆናል። ቅጠሉ የሚለወጠው ሳሙናው አፈሩን አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሚያደርገውና ተክሉ ብረት መሳብ ስለሚያቅተው ነው። መፍትሔው በየሦስተኛው ጊዜ ንጹሕ ውሃ ማጠጣትና አንድ ዛፍ ላይ ብቻ ከማፍሰስ ዛፍ ማፈራረቅ ነው። ጠጣር ሳሙና ከዱቄቱ ይሻላል። በረኪና የገባበት ውሃ ግን ለማንም ተክል አይሆንም።

እንዶድስ? እንዶድ ሳሙና ቢሆንም መርዝነትም አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመልክተው ነው የቢልሃርዚያ ምርምራቸውን የጀመሩት። ዓሣንም ይገድላል። ስለዚህ የእንዶድ እጣቢ ከጅረት ርቆ ይደፋ።

ለዛፍ የሚሆነው ቦታ እንዲህ ይዘጋጃል። መጀመሪያ አፈሩ ይፈተናል፦ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃ ይሞላል፣ ከሰረገ በኋላ እንደገና ይሞላል፣ ከዚያ ይለካል። በአንድ ሰዓት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል እንኳ ካልወረደ ቦታው አይሆንም፤ ያቆራል። የሚሰርግ ከሆነ ከሎሚው ግንድ ርቆ፣ የቅርንጫፉ ጫፍ ጥላ በሚጥልበት ዙሪያ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ስፋት ያለው ቦይ ይቆፈራል። ግንዱ አጠገብ ማጠጣት ቅርፊቱን ያበሰብሳል። ቦዩ በአናጺ ፍቅፋቂ፣ በማሽላ አገዳ ወይም በጫት ገረባ ይሞላል። ደቃቅ ሰጋቱራ ብቻውን ይጋገራል፣ ሻካራ ነገር ይቀላቀልበት፤ ቀለም ከተቀባ ጣውላ የወጣውን ግን መተው ነው። ጭድ ጥሩ ነበር፣ ግን ለከብት የሚሸጥ ጭድ ቦይ ውስጥ መጨመር ለኪስ አይመችም። እጣቢው የሚፈሰው በዚህ ሙሌት ላይ ነው፤ ውሃው ላይ ላይ ሳይታይ ይሰርጋል፣ ሳሙናውንና ቅባቱን አፈር ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ይበሉታል። ፍሬ ለሚሰጥ ሎሚ በበጋ በሳምንት 40 ሊትር ግድም፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ፣ መነሻ ይሆናል። ሙዝ ከዚያ በላይ ይችላል። በባልዲው አፍ ላይ አሮጌ የነጠላ ቁራጭ ቢታሰር ክርና ፀጉሩን ይይዛል።

ጥሬ የሚበላ ነገር ላይ ግን አይፈስም። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቅጠላቸው ወይም ሥራቸው ከውሃው ጋር ስለሚገናኝ፣ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋሉ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት እጣቢን በበርሜል ማጠራቀም ነው። ውሃው ውስጥ ያለው ቆሻሻ ለባክቴሪያ ቀለብ ነው፤ ኦክስጅኑን ጨርሰው በማግስቱ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፣ ቢንቢም ይፈለፈልበታል። ወሰኑ 24 ሰዓት ነው፤ ዛሬ የታጠበበት ዛሬ ይፍሰስ። በአሸዋና በከሰል የሚሠራ ማጣሪያም ለቤት ሲባል ድካሙ ይበዛል፦ ቅባትና ክር በጥቂት ሳምንት ይደፍኑታል፣ የሟሟውን ጨው ደግሞ ጭራሽ አይዝም። ሙሌት ያለበት ቦይ ያንኑ ሥራ ያለ ወጪ ይሠራል።

ሰኔ ዝናቡ ሲገባ ማጠጣቱ ይቆማል። አፈሩ ጠግቧል፣ የሚፈስ ነገር ሁሉ ላይ ላይ ይሄዳል፣ ዝናቡ ራሱ የበጋውን ጨው ወደ ታች ያጥበዋል። ያኔ ሳፋው ከጣሪያ ሥር ይቀመጥ፦ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በአንድ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ እስከ 800 ሊትር ያወርዳል፣ የመጀመሪያው አቧራ የተጠረገበት ዙር ሲደፋ የቀረው ለልብስ አጠባ ንጹሕ ነው። መስከረም ሲያልቅ ቦዩ ይከፈታል። የበሰበሰው ሙሌት ጥቁርና ልል ሆኖ ይገኛል፤ ወጥቶ እዚያው ዛፍ ሥር ይበተናል፣ በምትኩ አዲስ ፍቅፋቂ ይገባል።