ሴቲንግ ማብዛት ግራፍ ዊጄትን አያሻሽልም

የሌላ ሰው ኮድ እንዳይ ሲላክልኝ መጀመሪያ የምከፍተው ግራፉን የሚስለውን ፋይል ነው። ልማድ ሆኖብኛል። ለዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠራ ግራፍ ዊጄት (መስኮቱ ላይ ግራፉን የሚስለው ቁራጭ) ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳታ ይቀበላል፣ አክሲስ (ቁጥሮቹ የሚጻፉበትን ቋሚና አግድም መስመር) ይስላል፣ መስመር ያሰምራል፣ አለቀ። ስለዚህ ሁሉም ይሞክረዋል። ሁሉም ደግሞ እነዚያኑ የተሳሳቱ ነገሮች ይነግረኛል። አንደኛው በተለይ ያበሽቀኛል፤ «ዊጄታችን እንደ ልብ የሚስተካከል ነው፣ ከመቶ በላይ ሴቲንግ አለው» የሚለው። እሱን ላቆየውና ጥቃቅኖቹን ላራግፍ።

«ግራፉ ተገልብጦ ወጣ፣ ዳታው ሳይበላሽ አይቀርም።» ዳታው ደህና ነው። ስክሪን ላይ ዜሮ ያለው ከላይ በግራ ጥግ ነው፣ ቁጥሩም ወደ ታች ነው የሚያድገው። የነጥቡን ከፍታ ከዊጄቱ ቁመት ላይ መቀነስ ረስታችሁ ነው።

«የጎደለ ዳታ ዜሮ ነው።» አይደለም። ዜሮ ተለክቶ የተገኘ ቁጥር ነው፣ የጎደለው ግን ጭራሽ አልተለካም። እዚያ ቦታ ላይ መስመሩን ቁረጡት።

«ቋሚው አክሲስ ሁልጊዜ ከዜሮ መነሳት አለበት።» ለባር ግራፍ እውነት ነው፤ ባር የሚነበበው በርዝመቱ ነውና። ለመስመር ግራፍ ግን ማን አለ? ከ36 እስከ 40 ዲግሪ የሚዋልል የሰውነት ሙቀት ከዜሮ አስነስታችሁ ሳሉትና እዩት። ጤነኛውም ትኩሳት ያለበትም አንድ ዓይነት ጠፍጣፋ መስመር ይሆናሉ።

«ዳታ በመጣ ቁጥር ወዲያው መሳል አለበት።» ሴንሰሩ በሰከንድ 1,000 ልኬት ቢልክስ? ብዙው ስክሪን በሰከንድ የሚታደሰው 60 ጊዜ ነው። የቀረውን ሥዕል የምትስሉት ለራሳችሁ ነው። ኪዩት (መስኮትና ዊጄት የሚሠራበት ላይብረሪ) ላይ አፕዴት ብላችሁ ብትጠሩ ጥያቄዎቹን አጠራቅሞ አንዴ ይስላል። ሪፔይንት ግን እዚያው በዚያው ይስላል፣ ፕሮግራሙም ትንፋሽ ያጥረዋል። በነገራችን ላይ ዊጄቱን ከሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን ከሚሮጥ ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል) ሆናችሁ አትንኩት። አንዳንዴ ይሠራል፣ የሚከሰከሰው ግን ደንበኛ ፊት ነው።

አሁን ትንሽ ወደሚከብደው እንምጣ። «ግራፉ የሚንቀራፈፈው በፓይተን ስለተጻፈ ነው፣ በሲ ፕላስ ፕላስ እንጻፈው» ይሉኛል። ቆይ፣ እንቁጠር። ዊጄቱ 800 ፒክሰል ስፋት አለው እንበል። ዳታው አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። አንድ ፒክሰል በሚያህል ዓምድ ውስጥ 1,250 ነጥብ ታጭቋል ማለት ነው። ማንም የማያየውን ነገር ነው የምትስሉት፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን። በየዓምዱ ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ፈልጉ፣ በሁለቱ መካከል አንድ ቋሚ መስመር አስምሩ፣ ዓምዱን ከጎረቤቱ ጋር አያይዙት። የሚሳለው ከሚሊዮን ወደ 800 ወረደ፣ ምስሉ ደግሞ ለዓይን ያው ነው። ትንሹንና ትልቁን መፈለጉን ለነምፓይ፣ ለፓይተኑ የቁጥር ላይብረሪ ስጡት። (አዎ፣ የነምፓይ ውስጡ በአብዛኛው ሲ ነው። እናንተ ግን አልጻፋችሁትም።)

ይህን ስነግራቸው ቸኩለው «ገባን፣ ከየአስሩ አንድ ነጥብ እንወስዳለን» የሚሉ አሉ። ኧረ በጭራሽ! አንድ ጊዜ የሞተር ንዝረት የሚያሳይ ፕሮግራም እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ማንቂያው ይጮኻል፣ ግራፉ ላይ ግን ምንም የለም። ሴንሰሩን ሁለቴ ቀይረውታል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ግራፉ ከሃያ ነጥብ አንዱን ብቻ ይስላል፣ ንዝረቱ የሚዘለው ደግሞ ለሦስት ነጥብ ያህል ብቻ ነው። በመሃል ይሾልካል። አማካይ መውሰድም አያድንም፤ ድንገት የዘለለውን ዋጋ ከጎረቤቶቹ ጋር ቀላቅሎ ያደበዝዘዋል።

«ሰዓት ቁጥር ነው፣ ፍሎት ይበቃዋል» የሚለውም አለ፤ ፍሎት ኮምፒውተር ነጥብ ያለውን ቁጥር የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠረው ሰከንድ ዛሬ ከ1.7 ቢሊዮን አልፏል። 32 ቢት ፍሎት እዚህ መጠን ላይ ሲደርስ በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት 128 ሰከንድ ይሆናል። በየሰከንዱ የለካችሁት ሁሉ ከሁለት ደቂቃ በላይ እየተዘለለ አንድ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ግራፉም ደረጃ ይመስላል። በግራፊክስ ካርድ የምትስሉ ሰዎች ይህ ይገጥማችኋል። መጀመሪያ በ64 ቢት እንዳለ የመነሻውን ሰዓት ቀንሱለት፣ ከዚያ ወደ 32 ለውጡት።

እሺ፣ አሁን ወደ መቶ ሴቲንጎቹ።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ግራፍ ዊጄት ጽፌ ነበር። አንዱ የጀርባውን መስመሮች ቀለም መቀየር ፈለገ፣ ጨመርኩ። ሌላው ውፍረታቸውን አለ፣ ጨመርኩ። ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ ይጻፍ? ጨመርኩ። መለኪያው ከቁጥሩ በፊት ይሁን ወይስ በኋላ? ዜሮ ላይስ ይደበቅ? ጨመርኩ፣ ጨመርኩ። 74 ስደርስ በኩራት ያበጥኩ ይመስለኛል። ከዚያ አንዲት ልጅ መጥታ «አግድሙ አክሲስ ላይ 90 ሰከንድ ከሚል 1:30 እንዲል እንዴት ላድርግ?» አለችኝ። 74 ሴቲንግ ታቅፌ መልስ አጣሁ። 75ኛውን ጨመርኩላት። በሳምንቱ ሌላው መጥቶ የሳምንቱ ቀናት ስም ይውጣልኝ አለ።

ያኔ ነው የነቃሁት። ሴቲንግ እናንተ አስቀድማችሁ ያሰባችሁትን ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሰው ይዞላችሁ የሚመጣው ግን ያላሰባችሁትን ነው። መድኃኒቱ አንዲት ፋንክሽን ነበረች። ቁጥር ትቀበላለች፣ ጽሑፍ ትመልሳለች። ተጠቃሚው የራሱን ፋንክሽን ጽፎ ይሰጠኛል፣ እኔ የምትመልሰውን እጽፋለሁ፣ በቃ። ስለ አሃዝ፣ ስለ መለኪያና ስለ ዜሮ የጻፍኳቸውን ሴቲንጎች በአንድ ቀን ሰረዝኳቸው። ደስታው!

አክሲሱ ላይ ቁጥር የሚጻፍባቸው ምልክቶች የት የት ይቀመጡ የሚለውም እንዲሁ ነው። በነባሪነት (ተጠቃሚው ምንም ካልቀየረ) 1፣ 2 ወይም 5ን በአስር፣ በመቶ ወይም በአንድ አስረኛ እያባዛችሁ ደረጃ ምረጡ። ፖል ሄክበርት በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዘዴ ነው፣ እስካሁን ያገለግላል። ሰዓት ላይ ግን አይሆንም፤ ሰው ስለ ሰዓት የሚያስበው በ15፣ በ30፣ በ60 ነው። ስለዚህ ይህም ተነቅሎ በሌላ የሚተካ ቁራጭ ይሁን። የፓይተኑን የግራፍ ላይብረሪ ማትፕሎትሊብን ተመልከቱ፤ ምልክቱ የት ይቀመጥ የሚለው የሎኬተር ሥራ ነው፣ ምን ይጻፍበት የሚለው የፎርማተር። ሁለቱ አይነካኩም።

ሦስተኛው ቁራጭ ዋጋን ወደ ፒክሰል፣ ፒክሰልን ወደ ዋጋ የሚመልሰው ስኬል ነው። ከፒክሰል ወደ ዋጋ መመለሱን አትርሱ፤ ማውዙ የቆመበትን ዋጋ የምታሳዩትና ዙም የምታደርጉት በእሱ ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው ግን ያቺው የማባዛትና የማካፈል የኮድ መስመር አሥራ ሁለት ቦታ ተቀድታ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። ነገ ሎጋሪዝም ስኬል (1፣ 10፣ 100 እያለ የሚራመደውን) ጨምሩ ብትባሉ ስንት ቦታ ትነካላችሁ? አንድ ቦታ ካላችሁኝ ዊጄታችሁ የሚስተካከል ነው፣ ሦስት ሴቲንግ ብቻ ቢኖረውም። ከዚያ በላይ ከሆነ መቶ ሴቲንጉ ጌጥ ነው። (ሎጋሪዝም ላይ ዜሮና ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ቦታ የለውም። ምን እንደምታደርጉት አስቀድማችሁ ወስኑ።)

ሴቲንግ አይኑር እያልኩ አይደለም። ቀለም፣ ውፍረት፣ ፎንት ሴቲንግ ናቸው፣ ይኑሩ። «ተጠቃሚው እንደፈለገ ይቀይረዋል» ብላችሁ ነባሪውን በዘፈቀደ አትተዉት እንጂ። እኔ ካየኋቸው ተጠቃሚዎች አብዛኞቹ የሴቲንጉን መስኮት ከፍተውት አያውቁም። ሁለት መስመር ቀይና አረንጓዴ አድርጋችሁ ከሰጣችሁ፣ ሁለቱን መለየት የሚቸገር ሰው ሁሌም አለ። አንዱን የተቆራረጠ መስመር ብታደርጉት ምን ይጎድላችኋል?

አንዲት የመጨረሻ። «አክሲሱ ራሱ ከዳታው ጋር ይመጣጠናል፣ ማሰብ አያስፈልግም።» ዳታው ሁሉ 5 የሆነ ቀን ትልቁ ሲቀነስ ትንሹ ዜሮ ይሆናል፣ ለዜሮ ታካፍላላችሁ፣ ግራፉም ባዶ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ከላይም ከታችም ትንሽ ቦታ ጨምሩለት።