እውነት ቢሆንስ? ስለ ሐሜትና ስለ ጊዩር (ወደ ይሁዲነት መግባት)

የሙሴ እህት ማርያም ነቢይት ነበረች። ወንድሟ ሕፃን ሳለ በወንዝ ዳር ቆማ የጠበቀችው፣ ባሕሩ በተከፈለ ጊዜ ከበሮ ይዛ ሴቶቹን ያዘመረችው እርሷ ናት። ይህችው ማርያም፣ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 እንደተጻፈ፣ ሙሴ ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት ከአሮን ጋር ተነጋገረች። የእኛ የአይሁድ ሊቃውንት ነገሩን ሲመረምሩ ማርያምን የሚያቃልልላትን ሁሉ ይቆጥሩላታል። ክፋት አላሰበችም። በአደባባይ አልተናገረችም። የተናገረችው ለሌላ ሰው ሳይሆን ለገዛ ወንድሟ ነው። ሙሴም ቢሰማ የሚቀየም ሰው አልነበረም፤ በምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ እጅግ ትሑት እንደነበር ያው ምዕራፍ ይመሰክራል። ይህ ሁሉ ተቆጥሮላትም በለምጽ ነጭ ሆነች፤ ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጭ ተቀመጠች።

ኦሪት በዚህ አላበቃችም። በዘዳግም 24፥9 እግዚአብሔር በማርያም ላይ ያደረገውን አስብ ትለናለች። ብዙዎቻችን ከጧት ጸሎት በኋላ ከምናነባቸው ስድስት መታሰቢያዎች አንዱ ይህ ነው። ከግብጽ መውጣት፣ በሲና ተራራ መቆም፣ ሰንበት፤ ከእነዚህ ጎን ደግሞ የአንዲት ደግ ሴት አጭር ወሬ። በአማርኛ ይህን ምዕራፍ የምናነብ ሰዎች ከማንም ይልቅ ቆም ልንል ይገባናል። ይህች ኢትዮጵያዊት፣ በዕብራይስጡ ኩሻዊቱ፣ ሲፖራ ናት ወይስ ሌላ ሴት የሚለውን ክርክር ለተንታኞቹ እተወዋለሁ። በሁለቱም በኩል ወሬው የተወራው ከውጭ መጥታ ወደ እስራኤል በገባች ሴት ምክንያት ነው።

ሐሜትን በተመለከተ ብዙዎቻችን የተሳሳተ አጥር አጥረናል። ውሸት ካልሆነ ሐሜት አይደለም እንላለን። «እኔ ያላየሁትን አላወራሁም» ብለን እጃችንን እንታጠባለን። የ12ኛው መቶ ዓመት የሕግ ሊቅ ራምባም (ረቢ ሙሴ ቤን ማይሞን) በሕገ ምግባር ድርሳኑ ምዕራፍ 7 ላይ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። እገሌ ስለ አንተ እንዲህ አለ እያለ ወሬ የሚያመላልስ ሰው፣ የሚያመላልሰው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ፣ ዓለምን ያፈርሳል። ከዚህ የሚብሰው ላሾን ሃራ ነው፤ እርሱም ስለ ሰው ነውር እውነቱን መናገር ነው። ውሸት የጨመረበትማ ስም አጥፊ ነው፤ ሌላ ስም፣ ሌላ ፍርድ አለው። እንግዲህ «እውነት እኮ ነው» የሚለው ሰው መከላከያ ያቀረበ ይመስለዋል እንጂ ክሱን በገዛ አፉ እያረጋገጠ ነው።

ታልሙድ፣ የሊቃውንቶቻችን የሕግና የትምህርት መድብል፣ አራኺን በሚባለው ክፍሉ ገጽ 15 ላይ ክፉ ወሬ ሦስት ሰው ይገድላል ይላል፤ ተናጋሪውን፣ ሰሚውንና የተወራበትን። ራምባም ይህን ይዞ ተቀብሎ የሚሰማው ከሚናገረው ይልቅ ይጎዳል ብሏል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ የቡናው ሥነ ሥርዓት ነው። በአቦሉ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ኪራይ ይወራል። በቶናው ስለ ጎረቤት ይጀመራል። በረካው ሲቀዳ የሰው ዘር መቆጠር ይጀምራል፦ «አባቷ ማን ነበር? እናቷስ መቼ ነው ጊዩር ያደረገችው?» አንዷ ትናገራለች፤ አምስቱ ሲኒያቸውን ይዘው «እህ» ይላሉ። በሕጉ መሠረት እነዚያ አምስቱም ዝም ስላሉ ነፃ አልወጡም።

አሁን ወደ ጊዩር ልምጣ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣሁት በምክንያት ነውና።

ታልሙድ የቫሞት በሚባለው ክፍሉ ገጽ 47 የሚያስተምረው አቀባበል አጭር ነው። አንድ ሰው ወደ እስራኤል ልግባ ብሎ ሲመጣ፣ ምን አይተህ መጣህ? እስራኤል በዚህ ዘመን የተጨነቀ፣ የተገፋና መከራ የሚፈራረቅበት ሕዝብ መሆኑን አታውቅምን? ይባላል። አውቃለሁ፣ እንዲያውም ለዚህ የበቃሁ አይደለሁም ካለ ወዲያው ይቀበሉታል። ከቀላሎቹ ትእዛዛት ጥቂቱን፣ ከከባዶቹም ጥቂቱን ያስተምሩታል፤ ነገር አያበዙበትም፣ አያጠብቁበትምም። ከዚያ ወንድ ከሆነ ግርዘት አለ፤ ቀድሞ የተገረዘ ከሆነም ጠብታ ደም ይወሰዳል። ለሁሉም በሦስት ዳኞች ፊት ትእዛዛትን መቀበልና ወደ ሚቅዌ፣ ወደ መንጻት ውኃ፣ መግባት አለ። ከውኃው ሲወጣ በነገር ሁሉ እንደ እስራኤላዊ ነው።

ዛሬ ሕጉን አጥብቀው በሚይዙ በኦርቶዶክስ አይሁድ ቤት ዲን፣ ማለትም በረቢዎች ፍርድ ቤት፣ በኩል የሚያልፍ ሰው መንገዱ ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስድበታል። ሰንበትን ለመጠበቅ በእግር ወደ ምኵራብ የሚደረስበት ሰፈር ቤት መፈለግ አለበት። ወጥ ቤቱ ይፈተሻል፤ የሥጋው ድስት ለብቻ፣ የወተቱ ለብቻ፣ ቢላዋውና ማንኪያው ሁሉ ለብቻ። ከገዛ እናቱ ቤት መብላት ይቸግረዋል፤ ይህ ለእናትየው እንዴት እንደሚከብድ የእናት ቤት ጣዕም የሚያውቅ ይፍረድ። በመጨረሻ ሦስት ዳኞች ፊት ይቀርብና ይጠየቃል። በሙዝ ላይ የትኛው በረከት ይባላል? ሙዝ ከዛፍ የሚለቀም ይመስላል፤ በሕጉ ግን የምድር ፍሬ ነው። በይሁዲነት ተወልደው ያደጉ ብዙ ሰዎች ይህን ይስታሉ፤ ማንም ግን ማንነታቸውን አይጠይቃቸውም። ሴት ከሆነች ዳኞቹ ባሉበት ሰፊ ልብስ ለብሳ ወደ ውኃው ትገባለች።

ይህ ሁሉ ከባድ ነው፤ ግን ሰው ወዶ የሚሸከመው ነው። ፈተናው የሚብሰው ከውኃው ከወጡ በኋላ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ለዕድሜ ልክ የሚከተል ዓይን አለ። ቀሚሷ አጥሮ ቢታይ፣ አንድ ሰንበት ከምኵራብ ብትቀር፣ «መቼ ከልቧ ሆነና» ይባላል። ያው ነገር በአይሁድ ቤት በተወለደችው ላይ ቢታይ ደክሟት ይሆናል ተብሎ ይታለፋል። ይህ ወሬ ደግሞ አየር ላይ በንኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል የከፍተኛው የረቢዎች ፍርድ ቤት አንድ ችሎት፣ ከዓመታት በፊት ጊዩር ያደረገች አንዲት ሴት ለፍቺ ቀርባ ሳለች፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ጊዩርዋን ውድቅ ማድረጉን አጽንቶ፣ የጊዩር ፍርድ ቤቶችን ይመሩ በነበሩት በረቢ ሐይም ድሩክማን ሥር የተፈጸሙትን በሺዎች የሚቆጠሩ ጊዩሮች ሁሉ ጥያቄ ውስጥ ከተተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከዓመታት በኋላ ውሳኔውን ቢሽረውም፣ በመካከል ስንት ቤተሰብ እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ መገመት አያቅትም። ወረቀታቸው እንዲህ ሊናወጥ በሚችል ሰዎች ላይ ወሬ መወርወር በሌላው ላይ ከመወርወር እኩል አይደለም።

ለዚህ ነው የታልሙድ መሠረት የሆነችው ሚሽና በባባ መጺዓ ምዕራፍ 4 ላይ በንግድ ማጭበርበር እንዳለ ሁሉ በቃልም ማቁሰል አለ ብላ ምሳሌ የምታመጣው፤ ከምሳሌዎቿ ሁለቱ እነዚህ ናቸው። ንስሐ የገባውን ሰው የቀድሞ ሥራህን አስብ አትበለው። የመጻተኞች፣ ማለትም ጊዩር ያደረጉ ሰዎች፣ ልጅ የሆነውን የአባቶችህን ሥራ አስብ አትበለው። ታልሙድ ደግሞ ኦሪት ስለ መጻተኛው በ36 ቦታ፣ እንደ ሌሎቹ ቆጠራ በ46 ቦታ አስጠነቀቀች ይላል። ስለ ሰንበት እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ያስጠነቀቀች አይመስለኝም።

ስለ ራሳችን ዝም ብዬ ባልፍ ግብዝነት ይሆንብኛል። እኛ ቤተ እስራኤል ምላስ ምን እንደሚያደርግ በሥጋችን የተማርን ነን። አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ማረሻ ሲሠሩ፣ እናቶቻችን ሸክላ ሲሠሩ፣ ጎረቤት ማረሻውንና ጀበናውን ገዝቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ «ቡዳ» ይለን ነበር። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ እየተባለ ተወርቶብናል። ወደ ኢየሩሳሌም ስንደርስም ነገሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም። ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የግብጹ ረቢ የራድባዝ ምስክርነት ከእስራኤል ነገዶች ከዳን ነገድ ነን ይላል፤ የእስራኤል ዋና ረቢ የነበሩት ዖቫዲያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ይህንኑ አጽንተዋል። ሆኖም በ«ኦፕሬሽን ሙሴ» የገቡት ወገኖቻችን ለጋብቻ ሲመዘገቡ ይሁዲነታቸው እንደሚያጠራጥር ተቆጥሮ ወደ ሚቅዌ ግቡ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ቄሶቻችንና ወጣቶቻችን በዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለሳምንታት ተቀምጠው አቤት አሉ። በኋላ የናታንያው ረቢ ዳዊት ሸሉሽ ያለዚያ ጥምቀት ጋብቻችንን መዝግበው ብዙ እንባ አበሱ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኛም አልረሳንም።

ታዲያ ይህን የማንረሳ እኛ፣ ከጎንደርና ከአዲስ አበባ ዘግይቶ የመጣውን ወንድማችንን ምን እያልን እንጠራዋለን? «ሙራ» እንለዋለን። በ19ኛው መቶ ዓመት የሚሲዮናውያን ስብከትና የኑሮ ጭንቅ ተደርበው ከኦሪት የወጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ርስት የሌለው ገበሬ ምን ዓይነት ፈተና እንደነበረበት ታሪኩን የምናውቅ እኛው ነን። ዛሬ የልጅ ልጆቻቸው ጊዩር ተምረው፣ ዳኞች ፊት ቀርበው፣ ወደ ውኃው ገብተው ይወጣሉ። ሚሽና የጠቀሰቻቸውን ሁለቱን ሰዎች ተመልከቱ፤ የቀድሞ ሥራው የሚጠቀስበት ተመላሽና የአባቶቹ ሥራ የሚጠቀስበት መጻተኛ። ሁለቱም በዚህ ሰው ላይ አንድ ላይ ይገናኛሉ። «ሙራ» ብሎ የሚጠራው ሰው በአንድ ቃል ሁለቱንም ክልከላ ይጥሳል፤ ሰው እየሰማ ካለውም ሦስተኛ ይጨምራል፤ ባልንጀራውን በሰው ፊት ያዋረደ ደም እንዳፈሰሰ ይቆጠራልና።

አንዳንዱ፣ ታዲያ ለጋብቻ ሲጠየቅ ምን ልንል ነው? ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን፤ ዘር መጠየቅ ነውር ሆኖ አያውቅም። ሕጉም ለበጎ ጥቅም መናገርን ይፈቅዳል። በራዲን ከተማ የነበሩት ረቢ ይስራኤል ሜኢር ካጋን፣ ሐፈጽ ሐይም ተብለው የሚታወቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ለዚህ ጥብቅ ሁኔታዎችን ደርድረዋል። የምትናገረውን ራስህ አይተህ ወይም አረጋግጠህ እንጂ ከሌላ ሰምተህ ብቻ አይሁን። አታግንነው። ከጥላቻ አይሁን። ያለ ወሬ ሊገኝ የሚችል ሌላ መንገድ ካለ በዚያ ሂድ። በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው፦ የሚጠይቀው ሰው ኮሄን፣ ከካህናት ዘር፣ ከሆነ ጊዩር ያደረገች ሴት ማግባት አይችልም፤ ስለዚህ ነገሩ መታወቅ አለበት። ይሁን እንጂ መናገር ያለባት እርሷ ናት። ወደ እርሷ ሄዶ «ልጁ ኮሄን ነው፤ ቀድመሽ ብታነጋግሪው ይሻላል» ማለት ይቻላል። ጠያቂው ኮሄን ካልሆነስ? ጊዩርዋ በትዳሩ ላይ የሚከለክለው አንዳች ነገር የለም። ያን ጊዜ ስለ ጠባይዋ ተጠየቅ፣ ስለ ጠባይዋ መልስ። ሌላው የቡና ወሬ ነው።

በግብጽ ሳለ ራምባም ዖቫዲያ ከሚባል ከእስላም ወገን ወደ ይሁዲነት ከገባ ሰው ደብዳቤ ደረሰው። ዖቫዲያ እስላሞች ጣዖት አምላኪዎች አይደሉም ብሎ ቢከራከር መምህሩ ሞኝ ብሎ ሰድቦታል። ራምባም መልሱን ሲጽፍ ዖቫዲያ በነገሩ ትክክል እንደነበር ከተናገረ በኋላ በመምህሩ ላይ ተቆጣ። ያ ሰው ኦሪት በ36 ቦታ ያስጠነቀቀችውን ረስቶ ነውን? አለ። መምህር ቢሆንም፣ አንተም ተማሪው ብትሆን፣ ይቅርታ ሊጠይቅህ ይገባዋል አለ። አባቱንና የትውልድ አገሩን ትቶ፣ የተናቀ ሕዝብን ለመቀላቀል የመጣ ሰው ሞኝ አይባልም ብሎም ጻፈለት። በጸሎት «አምላካችንና የአባቶቻችን አምላክ» ማለት እችላለሁን? ብሎ ለጠየቀውም፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ በል፤ አብርሃም አባትህ ነው ሲል መለሰለት። ይህን ደብዳቤ በየምኵራቡ ግድግዳ ላይ ለጥፎ ማንበብ ቢቻል እወድ ነበር።

የዮም ኪፑር፣ የስርየት ቀን፣ ዋዜማ ሲመጣ በዚህ ረገድ አንድ እውነተኛ ችግር ይነሣል። በሰው ላይ ያወራ ሰው ያን ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ ቀኑ አያስተሰርይለትም። ግን ያ ሰው ወሬውን ባይሰማስ? ሐፈጽ ሐይም ሄዶ ይንገረውና ይቅርታ ይጠይቅ ይላሉ። ሌላው መምህር ረቢ ይስራኤል ሳላንተር በዚህ አልተስማሙም ይባላል፤ ያልሰማውን ነገር ነግሮ ማቁሰል ለማን ይበጃል? ጊዩር ስላደረገ ሰው ካወራህ እኔ በበኩሌ ከሳላንተር ጋር እቆማለሁ። ከሚቅዌ ከወጣች ዓሥር ዓመት የሆናትን ሴት በበዓል ዋዜማ በር አንኳኩተህ «ስለ አመጣጥሽ አውርቼብሽ ነበር» ብትላት፣ የአንተ ሸክም ሲቀልል የእርሷ ይጀምራል። ከዚያ ይልቅ ቡናውን አብረውህ ወደ ጠጡት አምስቱ ሂድ፤ ያወራኸው አይገባም ነበር ብለህ ንገራቸው፤ እነርሱም ያስተላለፉለት ሰው ካለ ይንገሩት። ለእርሷ ደግሞ ለሱኮት፣ ለዳስ በዓል፣ ወደ ቤትህ ጥሪ ላክ።